ከዝርዝሩ የቀረው ቤት

ጃኒን ሆልት ወደ ኋላ እየተራመደች ማውራት የምትችል ልጅ ነበረች። ስታንዊክ ኮሌጅን ለማየት ከየአገሩ የሚመጡ ቤተሰቦችን ግቢውን የምታዞራቸው እሷ ነበረች። ፊቷን ለእንግዶቹ፣ ጀርባዋን ለመንገዱ ሰጥታ ቤተ መጻሕፍቱን፣ የጸሎት ቤቱን፣ የተማሪዎቹን ማደሪያ በቃሏ ትዘረዝርላቸዋለች። ተጠይቃ ያልመለሰችው ነገር አልነበረም፤ ከነብራስካ የመጡ አንድ ወፍራም አባት ሆዳቸውን እያሻሹ «ለመሆኑ እዚህ ከተማ የት ይበላል? የትስ ይታደራል?» ብለው እስኪጠይቋት ድረስ።

ያኔ ሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነበረች። ከደቡብ ዳኮታ የገበሬ ቤት ወጥታ ሚኒሶታ ከገባች ጀምሮ ከኮሌጁ ካፍቴሪያ ሌላ የትም በልታ አታውቅም። አላውቅም ማለት ግን አፈረች። ባቡር ጣቢያው አጠገብ ያየችው ቢጫ ታፔላ ትዝ አላትና «ቬርና ቤት ይሂዱ» አለቻቸው። «አልጋም አለው። በጣም ጥሩ ነው።»

በማግስቱ ሰውየው ሊሰናበቷት መጥተው እጇን ይዘው አልለቅ አሉ። እንደዚያ ያለ ሾርባ እናታቸው ከሞቱ ወዲህ አልቀመሱም ነበር።

የዚያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ጃኒን ራሷ ሄደች። ከባንኮኒው ኋላ ሽርጥ የታጠቀ ረጅም ወጣት ድንች ይልጣል። ቀና ብሎ አያት።

«ምን ልታዘዝ?»

«ሾርባ። ከነብራስካ የመጡት ሰውዬ ትናንት የበሉትን።»

ቢላውን አስቀመጠ። «የላክሻቸው አንቺ ነሽ?»

«አዎ።»

«አንቺን እዚህ ቤት አይቼሽ አላውቅም። ሳትቀምሺ ነው ሰው የምትልኪው?»

«ጥሩ መሆኑን ሰምቼ ነበር።»

«ከማን?»

ጃኒን አሰበች፣ አሰበችና «ከሳቸው» አለች።

«ከላክሻቸው በኋላ ማለት ነው።»

ሳቁን አፍኖ ወደ ጓዳ ገባ። የዶሮና የዱር ሩዝ ሾርባ በትልቅ ሳህን ይዞ ተመለሰ፤ ፊቷ አስቀመጠና እጁን አጣምሮ ቆመ። የመጀመሪያውን ማንኪያ ስትውጥ ዓይኗን ጨፈነች። ስትገልጠው አሁንም እያያት ነበር።

«በቃ» አላት ቀስ ብሎ። «ከዛሬ ጀምሮ ብትመሰክሪ ማንም አይታዘብሽም።»

ስሙ ዌንዴል ክሩገር ነበር። ሕንፃው የኪራይ፣ ንግዱ የእናቱ ነው፤ ታች ምግብ ቤት፣ ፎቁ ላይ ስድስት አልጋ። አባቱ የባቡር ሠራተኛ ነበሩ፤ እሱ አሥራ ሰባት ዓመት ሲሞላው ሞቱ። ከዚያ ወዲህ ወጥ ቤቱን የያዘው እሱ ነው። እናቱ ወይዘሮ ቬርና ደግሞ ባንኮኒውን፣ አልጋውንና ወሬውን ይዘዋል።

ጃኒን በየቅዳሜው ትመጣ ጀመር። መጀመሪያ ለሾርባው ነበር፤ ቀጥሎ ሾርባ በሌለበት ቀንም መጣች። እሑድ ከቀትር በኋላ ቤቱ ሲዘጋ አሮጌውን ፒክአፕ አስነስቶ ሐይቁ ዳር ይወስዳታል። በክረምት በረዶ የሆነውን ውሃ ቦርቡረው፣ ሁለት ባልዲ ገልብጠው ተቀምጠው ዓሣ ይጠብቃሉ። ዌንዴል ብዙ አያወራም። አንዳንዴ አንድ ሰዓት ሙሉ ዝም ብሎ ይቀመጥና ጓንቱን አውልቆ የእሷን እጅ በሁለት እጁ ይይዛል፤ ሲሞቅላት መልሶ ጓንቷን ያለብሳታል። ጃኒን ያቺን ዝምታ ከብዙ ሰው ወሬ ትወዳት ነበር።

«ይሄ ልጅ ስንት ቃል ነገረሽ ዛሬ?» ይሏታል ወይዘሮ ቬርና ሲመለሱ።

«አራት።»

«አራት? እንግዲያስ ወዶሻል። አባቱ እኔን ሲጠይቀኝ ሦስት ብቻ ነው የተናገረው።»

ትምህርቷን ስትጨርስ ኮሌጁ እዚያው በተማሪዎች ቅበላ ቢሮ ቀጠራት፤ ለአንድ ዓመት በሙከራ። ዌንዴል ደስታውን የገለጸው የፖም ፓይ ጋግሮ ቢሮዋ ድረስ በመላክ ነበር። በሚቀጥለው በጋ እንጋባለን ተባብለዋል። ቀለበት ገና አልነበረም፤ ነገሩ ግን ያለቀ ነበር።

በዚያው ዓመት አዲስ የቢሮ ኃላፊ ከቦስተን መጡ። ሚስተር ፔምበርተን ይባላሉ፤ ቁመታቸው አጭር፣ ንግግራቸው ለስላሳ፣ ጫማቸው ሁልጊዜ የተወለወለ ነው። በመጡ በሦስተኛ ሳምንታቸው ጃኒንን ጠሯት።

«አንድ አባት ልጁን ይዞ ሁለት ቀን መንገድ ነድቶ ይመጣል» አሏት። «መኝታው ካልተመቸው፣ እራቱ ካልጣመው፣ የሚጠላው ሆቴሉን አይደለም። እኛን ነው። ስለዚህ አንድ በራሪ ወረቀት አዘጋጂልኝ። ‹የት ያድራሉ፣ የት ይበላሉ› በይው። በአንድ በኩል አልጋ፣ በሌላ በኩል ምግብ። ሁሉንም ቤት ራስሽ ሄደሽ እዪ። ስምሽ ከታች ይታተማል።»

ኢንተርኔት ገና ያልነበረበት ዘመን ነው። ወረቀቱ ከመግቢያ ማመልከቻው ጋር በፖስታ ለየቤቱ ይላካል፤ ከተማዋን የማያውቅ ቤተሰብ የሚያምነው እሱን ብቻ ነው። ጃኒን ይህን ታውቅ ነበር።

ሆቴሎቹን፣ ሞቴሎቹን፣ ወንዙ ዳር ያለውን አዲሱን ማረፊያ እየዞረች አየች። ቬርና ቤትን ለመጨረሻ አቆየችው። ሐሙስ ጠዋት ሄደች። ለምን እንደመጣች ግን አልተናገረችም። ወይዘሮ ቬርና ባቄላ እየለቀሙ «ዌንዴል ገበያ ነው፣ ልጄ፤ ቤትሽ ነው፣ ግቢ» አሏት። ፎቁን ልይ ብትላቸው ምን ልታዪ ብለው እንኳ አልጠየቋትም።

ያን ፎቅ ስንት ጊዜ ወጥታዋለች። የዚያን ዕለት ግን በሌላ ዓይን አየችው። የግድግዳው ወረቀት ማዕዘኑ ላይ እርጥበት ጠጥቶ ተልጧል። ፍራሹ መሐሉ ጎድጉዷል። ለስድስት ክፍል ያለው መታጠቢያ አንድ ነው፤ እሱም ኮሪደሩ ጫፍ ላይ። የወለሉ ላስቲክ በሩ ሥር ተሰንጥቋል፤ ልክ እንደ እናቷ ወጥ ቤት ወለል። ጃኒን እዚያ ቆማ ፊቷ ሲግል ተሰማት። ከዚያ ወለል ለመራቅ ነበር አራት ዓመት የተማረችው።

ቢሆንም በረቂቁ ላይ ጻፈችው፤ ከሁለቱም ዝርዝር መጨረሻ።

ሚስተር ፔምበርተን አንብበው ጣታቸውን የመጨረሻው መስመር ላይ አሳረፉ። «ይሄኛው እንዴት ያለ ነው?»

«ምግቡ በከተማው አንደኛ ነው።»

«አልጋውስ?»

ጃኒን ወረቀቱን አየች።

«ከቦስተን የመጡ እናት ቢሆኑ፣ ታሳድሪያቸዋለሽ?»

«አላሳድራቸውም» አለች ጃኒን።

ሰውየው አልተቆጡም። ወረቀቱን ገፋ አድርገው መለሱላት። «ቦታውን የማውቀው እኔ አይደለሁም፤ አንቺ ነሽ። ብትተዪውም ብታወጪውም ያንቺ ነው። ነገ ጠዋት የሰጠሽኝን አሳትማለሁ።»

ቤቷ ሄዳ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችው። መጀመሪያ ከአልጋው ዝርዝር ሰረዘችው። ይህ እውነት ነበር፤ ማንም ቢጠይቃት ልታስረዳ ትችላለች። ከዚያ ከምግቡ ዝርዝር ውስጥ ብቻውን ቀርቶ ሲታያት ጨነቃት። ዌንዴል ያየዋል። ምግቡ ኖሮ አልጋው ለምን ቀረ ይላል። ያን ጊዜ ስለ ፍራሹ፣ ስለ ወለሉ፣ በእናቱ ቤት ስለማፈሯ ልትነግረው ነው። ጨርሶ ባይኖር ግን የከለከሉት አለቃዬ ናቸው ማለት ይቻላል።

ከምግቡም ሰረዘችው።

ወረቀቱ በወጣ በሁለተኛው ሳምንት ዌንዴል አንዱን ከነዳጅ ማደያ አግኝቶ አመጣው። ባንኮኒው ላይ ዘርግቶ ሁለቴ፣ ሦስቴ አነበበው።

«እኛ የለንም» አላት።

«አውቃለሁ።» ቀና ብላ ልታየው አልቻለችም። «ፔምበርተን ናቸው። ለመንኳቸው። እምቢ አሉኝ።»

ዌንዴል በባንኮኒው ላይ ተንጠራርቶ እጇን ያዘ። «አንቺ ምን ታደርጊ» አለ። «በዚህ ተጨንቀሽ ነው ሰሞኑን የከፋሽ? ተዪው።»

ጃኒን እጇ በእጁ ውስጥ ሆኖ እውነቱን ልትነግረው አፏን ከፈተች። ወይዘሮ ቬርና ከጓዳ ሲወጡ ግን ተወችው።

ወላጆች ልጆቻቸውን ሊጠይቁ የሚመጡበት የወላጆች ሳምንት በጥቅምት ደረሰ። ድሮ በዚያ ሰሞን ስድስቱም አልጋ ከወር በፊት ይያዝ ነበር። ዘንድሮ አንድ ሽማግሌ ብቻ መጡ፤ እሳቸውም ባቡር አምልጧቸው ነው። ዌንዴል በልምዱ በትልቁ ድስት የሠራውን ሾርባ ሦስት ቀን እነሱ ራሳቸው በሉት።

«ሄጄ ላናግራቸው» አላት አንድ ቀን። «በጨዋ ደንብ። መጥተው ይቅመሱ፣ ሌላ ምንም አልልም።»

«ዌንዴል፣ እባክህ። በሙከራ ላይ ነኝ። ከሥራ ያስወጡኛል።»

«እሺ» አለ። ሌላ ቃል አልጨመረም። ለእሷ ሲል ኅዳርን፣ ታኅሣሥን፣ ጥርን ዝም አለ። እናቱ ስለዚያ ቦስተናዊ ክፉ ሲናገሩ እንኳ «ጃኒን ስለኛ ብላ ተሟግታ ነበር፣ እማዬ፤ ይህን አትርሺ» ይላቸው ነበር። ይህን ለጃኒን የነገሯት ራሳቸው ወይዘሮ ቬርና ናቸው፤ ግንባሯን ስመው።

በየካቲት የቤቱ ባለቤት ኪራዩን ታድሳላችሁ ወይስ ትለቃላችሁ ብሎ ላከ። ዌንዴል ማንንም አላማከረም። አንዲቷን ክራቫቱን አሰረ፣ ጸጉሩን በውሃ አበጠረና ወደ ኮሌጁ ወጣ።

ጃኒን ያን ቀን አንድ ቤተሰብ እያዞረች ነበር። እንግዶቹን ሸኝታ ስትመለስ በመስተዋቱ በር ዌንዴል ከሚስተር ፔምበርተን ፊት ቆሞ አየችው፤ ኮፍያውን በሁለት እጁ ይዞ። ሰውየው ግራ በመጋባት ትከሻቸውን ነቀነቁ፤ ከመሳቢያ ረቂቁን አውጥተው አሳዩት። የእሷ የእጅ ጽሑፍ፣ የእሷ ስርዝ።

ዌንዴል ወጣ። በረዶ የለበሰው ደረጃ ላይ ተገናኙ።

«ሁለት ነገር ልጠይቅሽ» አለ። ድምፁ እንደ ሁልጊዜው ዝቅ ያለ ነበር። «ለምነሻቸው ነበር?»

«አልለመንኩም።»

«የሰረዝሽው አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ።»

ራሱን ነቀነቀ፤ እንደገባው ሁሉ። «ፎቁ ያረጀ መሆኑን አውቃለሁ። አልጋውን ብትሰርዢው አልፈርድብሽም።» ኮፍያውን በእጁ አዞረው። «ምግቡንስ፣ ጃኒን? ምግቡን ለምን?»

ከዚያ ወዲህ ብዙ መልስ አዘጋጅታለች። አንዳንዶቹ ጥሩ መልሶች ነበሩ። በዚያ ደረጃ ላይ ግን አንድም አልመጣላትም። ዌንዴል ጠበቀ። በእውነት ነው የጠበቀው፤ ግቢውን አቋርጦ የሚሄድ ተማሪ ከአንዱ ጫፍ እስከ ሌላው እስኪደርስ ድረስ ቆመ። ከዚያ ኮፍያውን አድርጎ ወረደ።

ሁለት ቀን ለመሄድ ድፍረት አጣች። በሦስተኛው ቀን ስትሄድ ዌንዴል አልነበረም። ዱሉዝ ከተማ የአጎቱ ልጅ ዘንድ ሥራ ሊያይ ሄዷል። ወይዘሮ ቬርና ሳህኖቹን በጋዜጣ እየጠቀለሉ ሣጥን ውስጥ ይደረድሩ ነበር። ኪራዩን አላደሱም።

ጃኒን በሩ ላይ ቆመች። «ወይዘሮ ቬርና...»

«ግቢ፣ በሩን ዝጊው፤ ብርድ ነው።» ቀና ሳይሉ አንድ ሳህን ጠቀለሉ። «ያን ሐሙስ ፎቁን ልታዪ ስትወጪ፣ ለዚህ ነበር?»

«ለዚህ ነበር።»

«እኔ እኮ ለእናንተ ክፍል የምትመርጪ መስሎኝ ነበር፤ ስትጋቡ እዚሁ ልትኖሩ።» ሣጥኑን ዘጉና ለመጀመሪያ ጊዜ አዩዋት። ዓይናቸው ቀልቷል፤ ቁጣ ግን አልነበረበትም። «አንቺ ልጅ፣ ብትነግሪኝ ምን ነበረበት? ቀለም እቀባው ነበር። ፍራሹንም እቀይረው ነበር። እኔ ዕውር ነኝ እንዴ ቤቴ ማርጀቱን የማላውቅ? የሚነግረኝ ሰው ነው ያጣሁት።»

ጃኒን አለቀሰች። ወይዘሮ ቬርና አላባበሏትም፤ አላስወጧትምም። እስኪመሽ አብረው ሃያ ሣጥን ያህል ሞሉ።

የዱሉዙን አድራሻ ተቀብላ ሦስት ደብዳቤ ጻፈች። ሦስተኛው ሳይከፈት ተመለሰ። የቀጣዩ ዓመት በራሪ ወረቀት ረቂቅ ግን ዌንዴል ቢሮ ከመምጣቱ በፊት፣ በጥር ነበር ማተሚያ ቤት የገባው። ያኔ በጸጸት ውስጥ ሆና፣ ለማንም ሳትናገር፣ ቬርና ቤትን ከምግቡ ዝርዝር አናት ላይ አስገብታው ነበር። በበጋ ዌንዴልን ፊቷ አስቀምጣ ወረቀቱን በደስታ ልትሰጠው፣ ያን ጊዜም ሁሉንም ልትነግረው አስባ ነበር። የታተመው ክምር በመጋቢት ሲመጣ ታፔላው ወርዶ ነበር።

ሚስተር ፔምበርተን ተዘግቶ የለም እንዴ ሲሉ «በእጅ አስተካክለዋለሁ» አለቻቸው። ማስመሪያና ጥቁር እስክሪብቶ ይዛ ተቀመጠች። ከእያንዳንዱ ወረቀት ላይ፣ አንድ በአንድ፣ ያን መስመር ሰረዘችው። አራት ቀን ፈጀባት።

ዘጠኝ ዓመት አለፈ። ጃኒን የቢሮው ምክትል ኃላፊ ሆነች። አንድ ጥሩ ሰው ሊያገባት ፈልጎ ነበር፤ ሁለት ዓመት አብረው ቆይተው በሰላም ተለያዩ። በአንድ የግንቦት ወር ለስብሰባ ዱሉዝ ሄደች። በምሳ ሰዓት ከባልደረቦቿ ተለይታ ታላቁ ሐይቅ ዳር ወዳለ ምግብ ቤት ገባች። እንዲያው በአጋጣሚ አልነበረም። ስሙን ከስልክ ማውጫ ላይ ከፈለገችው ቆይታለች።

ያዘዘችውን ዓሣ አስተናጋጇ ሳትሆን እሱ ራሱ ይዞ መጣ። ጸጉሩ ከጆሮው በላይ ሸብቷል፤ ትንሽ ወፍሯል። ሳህኑን አስቀምጦ ቆመ።

«በወጥ ቤቱ መስኮት አየሁሽ» አለ።

«ትቀመጣለህ?»

ከፊቷ ተቀመጠ። እናቱ ባለፈው ዓመት ማረፋቸውን ነገራት። ማግባቱን፣ አንዲት ሴት ልጅ መውለዱን ነገራት። ጃኒን ስለ ወይዘሮ ቬርና ስታለቅስ ከጠረጴዛው ላይ ጨርቅ አቀበላት።

«ይቅርታ ልጠይቅህ ነው የመጣሁት» አለች።

«በዘጠኝ ዓመትሽ?»

«በዘጠኝ ዓመቴ።»

ፈገግ አለ፤ ፈገግታው ግን ብዙ አልቆየም። ወደ ሐይቁ ዞሮ ዝም አለ። የድሮው ዝምታ ነበር፤ ጃኒን ወዲያው አወቀችው፤ አላቋረጠችውም።

«ያን ሰሞን አንድ ጊዜ ተመልሼ መጥቼ ነበር» አለ በመጨረሻ። «በመጋቢት። ከቢሮሽ ፊት ለፊት መኪናዬን አቁሜ ቁጭ አልኩ። በመስኮቱ ትታዪኝ ነበር፤ አቀርቅረሽ የሆነ ነገር ትጽፊያለሽ። አንዴ ቀና ብትዪ እወርዳለሁ ብዬ ነበር።»

«ቀና አላልኩም?»

«አላልሽም። እኔም እልህ ነበረብኝ። ዛሬ ቢሆን እወርድ ነበር።»

ከወጥ ቤቱ ስሙን ጠሩት። ተነሣና እጁን ለአንድ አፍታ ትከሻዋ ላይ አሳረፈ። «ዓሣው ሳይቀዘቅዝ ብይ» አላትና ሄደ።

ጃኒን ማንኪያና ሹካውን ይዛ ተቀመጠች። ያን ቀን ያቀረቀረችው የቬርና ቤትን መስመር ከየወረቀቱ ስትሰርዝ እንደነበር ልትነግረው፣ ተከትላው እስከ ወጥ ቤቱ በር ልትሄድ ፈልጋ ነበር። ሆኖም ባለትዳር ነው፣ ሥራ ላይ ነው፣ ልጁም ምናልባት ከትምህርት ቤት የምትመለስበት ሰዓት ደርሷል። ዓሣውን አንዲት ፍርፋሪ ሳታስቀር በላች። ጣፋጭ ነበር። ሂሳቧን ከፍላ ወጣችና ሐይቁን በስተቀኟ አድርጋ ወደ ስብሰባው ተመለሰች።